ለሴሊካ ርካሽ የጎማ ኩሽኔታ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ላልከው ወንድሜ

ወንድም ዓለም ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለሌላውም ሰው እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለህ፣ ያለኸው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ባህር ዳርም አዲስ አበባም ትመላለስበታለህ፣ ከ60 በላይ ስትነዳ ከፊት በግራ በኩል እንደ ሩቅ አውሮፕላን የሚያጉረመርም ድምጽ ጀምሮሃል፣ መካኒክህ "ኩሽኔታ ነው" ብሎሃል፣ ኩሽኔታ ማለት ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ኳስ ያለበት ቀለበት ነው። ካርቶኑ ላይ ኮዮ የሚል የጃፓን ኩሽኔታ ስም የተጻፈበት ኩሽኔታ በኦሪጅናሉ ሩብ ዋጋ የሚሸጥ ሰው በስልክ አግኝተሃል፣ አራቱንም ጎማ በዛው ልጨርሰው ወይ ነው ያልከው።

መልሴን ቀድሜ ልንገርህ ከዛ ምክንያቱን እዘረዝርልሃለሁ። የፊቱን ከዛ ሰውዬ አትግዛ። የኋላው ላይ ገንዘብ መቆጠብ ትችላለህ፣ ግን እሱንም ከዛ ሰውዬ አይደለም። አራቱንም ባንድ ጊዜ መቀየር ደግሞ አያስፈልግህም፣ የጮኸውን ብቻ ቀይር፣ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ከፋብሪካ የወጣ ኩሽኔታ ነቅለህ የማይታወቅ መተካት ኪሳራ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ኩሽኔታ መሆኑን እርግጠኛ እንሁን፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ ኩሽኔታ ነው ተብሎ ተቀይሮ ድምጹ እንዳለ የቀረበት መኪና ብዙ ነው የማየው። ድምጹ ፍጥነት ስትጨምር እየጨመረ፣ ማርሽ ስትቀይርና ሞተሩ ሲወርድ ሲወጣ ካልተለወጠ ከጎማ በኩል ነው ማለት ነው። ከዛ ከማርቆስ ወደ አምበር ባለው መንገድ ላይ ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ በ60 እየሄድክ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ዘንበል አርገው፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ጎማ ስለሚሄድ የግራው ኩሽኔታ የተበላ ከሆነ ድምጹ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ስታዞር ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል ምንም ካልተለወጠ ጎማውን ጠርጥር። ጎማ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ሲበላ ልክ የኩሽኔታ ድምጽ ነው የሚያወጣው፣ ያንን ለማጣራት ጎሚስታ ጋር ሄደህ የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት አስቀይር፣ ድምጹ ተከትሎ ወደ ኋላ ከሄደ ኩሽኔታህ ጤነኛ ነው፣ ያተረፍከውን ገንዘብ ጎማ ግዛበት።

ሌላ ደግሞ መኪናውን በክሪክ አንስተህ ስታንድ ደግፈህ (በክሪክ ብቻ ተነስቶ ስር እንዳትገባ አደራ) አንድ እጅህን የአሞርዛተሩ ሞላ ላይ አድርግና በሌላው ጎማውን በደንብ አሽከርክረው። የተበላ ኩሽኔታ ሞላው ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ነገር ሆኖ እጅህን ይነዝረዋል፣ ጆሮ የማይሰማውን እጅ ይሰማዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትወዘውዘው ከተነቃነቀ ኩሽኔታ ወይም የብራቾ (ጎማውን ከስር ከመኪናው አካል የሚያያይዘው ክንድ) ጫፍ ነው፣ ከግራና ከቀኝ ይዘህ ብቻ ከተነቃነቀ ግን የመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው የሚሆነው። መሪ ስታጥፍ ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ነው፣ ሌላ ታሪክ ነው እሱ።

እሺ ኩሽኔታ ነው እንበል። ያንተ ሴሊካ ላይ የፊቱና የኋላው አንድ አይነት አይደሉም፣ እኔ ለየብቻ የመለስኩልህም ለዛ ነው። የኋላው ኩሽኔታና ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ብረት) አንድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣ ነው፣ አራት ብሎን ትፈታለህ፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ብሎኑ ካልዛገ ልምድ ያለው ልጅ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የፊቱ ግን ለብቻው ክብ ኩሽኔታ ነው፣ ጎማውን ወደ መሪ ከሚያያይዘው ትልቅ ብረት፣ ናክል ከምንለው ውስጥ በፕሬስ ተጨምቆ ይገባል፣ በመቆለፊያ ቀለበት ይያዛል፣ ሞዞው ደግሞ እንደገና በፕሬስ ውስጡ ይገባል። እሱን ለመቀየር ፍሬኑ ይፈታል፣ አክስሉ ይወጣል፣ ናክሉ ከብራቾና ከአሞርዛተር ይለያያል፣ ፕሬስ ያለው ቤት ይኬዳል፣ ከገጠምክ በኋላ ደግሞ አላይመንት ማስለካት አለብህ ምክንያቱም የአሞርዛተሩ ብሎን ሲፈታ የጎማው አቋቋም ይዛነፋል። ይሄን ሁሉ የእጅ ዋጋ ሩብ ዋጋ ላለው ኩሽኔታም ትከፍላለህ ለኦሪጅናሉም ትከፍላለህ። ርካሹ በጥቂት ወር ውስጥ ከጮኸ የእጁን ዋጋ ሁለተኛ ትከፍላለህ፣ ያውም የፊት ኩሽኔታ ነቅለህ መልሰህ መግጠም ስለማይቻል (ሲወጣ ጭነቱ ሁሉ በኳሶቹ ላይ ስለሚያልፍ እዛው ይበላሻል) ሌላ አዲስ ገዝተህ ነው። ኋላ ላይ ግን በስሙ የሚሸጥ መካከለኛ እቃ ብትሞክር ጉዳቱ አራት ብሎን መልሶ መፍታት ነው።

ሰው ኩሽኔታ ምን ያህል እንደሚሰራ አያስበውም። ያንተ አይነት ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል፣ ከማርቆስ ባህር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዴ ደርሰህ እስክትወርድ ኩሽኔታው ከ130 ሺ ጊዜ በላይ ዞሯል። በዛ ላይ የኳስ ኩሽኔታ እድሜ ከጭነቱ ጋር በኪዩብ ነው የሚቀንሰው፣ ማለትም ጭነቱ እጥፍ ሲሆን እድሜው ግማሽ አይሆንም ስምንተኛ ነው የሚሆነው፣ ጭነቱ በሩብ ብቻ ሲጨምር እንኳ እድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለዚ ነው ብረቱ እንዲህ የሚመረጠው። የታወቁት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት 1 ፐርሰንት አካባቢ ካርቦንና 1.5 ፐርሰንት አካባቢ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፣ ጃፓኖቹ ኤስ ዩ ጄ 2 ይሉታል፣ ቻይናም ያንኑ ብረት በራሷ ስም ትሰራዋለች። ስለዚ ቻይና ስለሆነ ብቻ መጥፎ ነው አትበል፣ ትላልቆቹ የአውሮፓና የጃፓን ኩባንያዎች ራሳቸው ቻይና ውስጥ ፋብሪካ አላቸው። ልዩነቱ ብረቱ ምን ያህል ንጹህ ነው፣ በእሳት ሲጠነክር እስከ ውስጥ ደርሷል ወይ፣ ኳሶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እኩል ናቸው፣ ግራሶው ሙቀት ይችላል ወይ፣ ሲሉ (ጎኑን የሚዘጋው የላስቲክ ክዳን) ውሃ ይከለክላል ወይ የሚለው ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ ከውጪ አይታይም፣ አዲስ ሆኖ በእጅ ሲዞር ሁሉም ኩሽኔታ ጥሩ ነው።

እና አሁን ወደ ሰውዬህ እቃ እንምጣ። እኔን ያስፈራኝ ርካሽነቱ አይደለም፣ ኮዮ የሚለው ስም ከዛ ዋጋ ጋር አብሮ መምጣቱ ነው። ኮዮ የጃፓኑ ጄቴክት ነው፣ ጄቴክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ኮዮ ሴይኮ ከቶዮዳ ማሽን ዎርክስ ጋር ተቀላቅሎ የተፈጠረ የቶዮታ ግሩፕ ኩባንያ ነው፣ እቃው በጅምላም ቢሆን በዛ ዋጋ አይወጣም። በራሱ ስም፣ ማንም የማያውቀው ስምም ይሁን፣ ርካሽ ኩሽኔታ የሚሸጥ ፋብሪካ ቢያንስ ምን እንደሆነ ነግሮሃል፣ በሌላ ሰው ስም የሚሸጥ ግን ካርቶኑ ላይ ከዋሸ ብረቱ ላይ የማይዋሽበት ምክንያት የለውም። ከሁለቱ የግድ ምረጥ ብትለኝ ስሙ ያልታወቀውን እመርጥልሃለሁ፣ ፎርጅዱን በነጻም ቢሰጡህ አትግጠም።

ባለፈው አንድ ደንበኛ እንዲሁ በታዋቂ ስም የተገዛ የፊት ኩሽኔታ ብዙም ሳይነዳበት ጮኾበት መጣና አውጥተን የውጪውን ቀለበት በግራይንደር ሰንጥቀን አየነው። ግራሶው ትንሽ ነው፣ በአንድ ጎን ተከምሯል፣ ሌላው ጎን ደርቋል። የኳስ መሄጃው ላይ ደግሞ በብርሃን ዘንበል አርገህ ስታየው እኩል እኩል ርቀት ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፣ ርቀታቸው ልክ የኳሶቹ ርቀት ነው፣ ከነሱ የአንዱ ጠርዝ መላጥ ጀምሯል። እነዛ ጉድጓዶች የፋብሪካ ችግር አይደሉም፣ የመዶሻ ናቸው። ማለት እቃው ፎርጅድ ነበር፣ የገጠመውም ሰው እየደበደበ ነው ያስገባው፣ ኦሪጅናል ቢሆንም በዛ አገጣጠም አይቆይም ነበር። ከውጪ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሁፍ በጥፍሬ ስፍቀው ደግሞ ቀለም ሆኖ ለቀቀ። የትልልቆቹ ጽሁፍ አብዛኛውን ጊዜ በሌዘር ብረቱ ላይ የተጻፈ ነው፣ በጥፍር አይለቅም፣ ፊደሉም ወጥ ነው።

ስለዚ ስትገዛ ካርቶን አትይ፣ ኩሽኔታውን አውጥተህ እይ። ቁጥሩ ካርቶኑም ላይ ብረቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩን ማንበብም ቀላል ነው፣ ለምሳሌ ዲ ኤ ሲ 38740036/33 ቢል የውስጡ ቀዳዳ 38 ሚሊ፣ የውጪው 74 ሚሊ፣ የውስጡ ቀለበት ስፋት 36፣ የውጪው 33 ማለት ነው፣ በካሊፐር ለክተህ ታረጋግጣለህ (ይሄ የማንበቢያ ምሳሌ ነው እንጂ የሴሊካህ ቁጥር ነው አላልኩህም፣ ያንተን በሻንሲ ቁጥርህ አስፈልግ፣ የቶዮታ የራሱ የኩሽኔታ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 90369 ብሎ ነው የሚጀምረው)። ኤስ ኬ ኤፍ ከገዛህ ኩባንያው ራሱ በስልክ ፎቶ አንስተህ የምታጣራበት አፕ አለው፣ የኤፍ ኤ ጂ ባለቤት ሼፍለርም ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ የምታጣራበት አለው፣ ሁለቱንም ነጻ ታገኛለህ። መኪናህ ኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለው የምትገዛው ክፍል የሴንሰሩን ነገር አብሮ መያዝ አለመያዙን አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጠህ አመሳስል፣ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው፣ ከተገጠመ በኋላ ዳሽቦርድ ላይ መብራት በርቶ ይቀራል።

ታዲያ ምን ልግዛ ትለኛለህ። ለፊቱ ኮዮ፣ ኤን ኤስ ኬ፣ ኤን ቲ ኤን፣ ኤስ ኬ ኤፍ፣ ኤፍ ኤ ጂ፣ ቲምከን፣ ከነዚህ አንዱን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥና ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ እመልሳለሁ ከሚልህ ሱቅ። ማርቆስ ካጣህ ባህር ዳር፣ እዛም ካጣህ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብለህ ታገኛለህ፣ ዘመድ የምትልክ ከሆነ አሮጌውን ኩሽኔታ ወይ የቁጥሩን ፎቶ አስይዘው እንጂ "የሴሊካ ስጠኝ" እንዲል አታርገው፣ ሴሊካ በየትውልዱ ይለያያል። ገንዘቡ ጨርሶ ካልደረሰ ደግሞ ሰው የማያስበው ሌላ መንገድ አለ፣ ያገለገለ ናክል ከነሞዞው ከነኩሽኔታው ሳይነካ ሙሉውን መግዛት። በእጅህ አሽከርክረህ ጸጥ ያለ፣ የማይወዛወዝ፣ ሲሉ ያልተቀደደ ከሆነ በፋብሪካ የተገጠመ ኦሪጅናል ኩሽኔታ ነው ያገኘኸው፣ ፕሬስም አያስፈልግም። ምን ያህል እንደተነዳ አታውቅም፣ የተጋጨ መኪና ላይ የነበረ ከሆነም ናክሉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ስጋት አለበት፣ ግን እኔ ከፎርጅድ አዲስ ይልቅ እሱን ነው የምገጥመው። ለብቻው ተነቅሎ የሚሸጥ ያገለገለ የፊት ኩሽኔታ ግን በምንም ዋጋ አይገዛም።

አገጣጠሙ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ኩሽኔታ እዚህ ጋ ነው የሚሞተው። ወደ ናክሉ ሲገባ ፕሬሱ የሚገፋው የውጪውን ቀለበት ብቻ ነው፣ ሞዞው ሲገባ ደግሞ ከታች የሚደገፈው የውስጡ ቀለበት ነው። ይሄ ከተገላበጠ ጭነቱ በኳሶቹ ላይ ያልፍና ቅድም የነገርኩህን ጉድጓድ ገና መኪናው ሳይነዳ ይሰራል። ማርቆስ ውስጥ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ጠይቅ፣ "በመዶሻ አገባዋለሁ፣ ሁሌ እንዲህ ነው የምንሰራው" የሚል ሰው እጅ ላይ ውድ እቃ አታስቀምጥ። ሞዞው ሲወጣ የድሮው የውስጥ ቀለበት አንዱ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ እሱን በጋዝ እሳት እያጋሉ የሚያወጡ አሉ፣ ሞዞውን ያለሰልሰዋል፣ በግራይንደር ሞዞውን ሳይነኩ በጥንቃቄ ሰንጥቆ ማውጣት ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የሞዞው ገጽ ከተፋቀ ወይ ከላላ ሞዞውም ይቀየር፣ በፓንች እየቀጠቀጡ ማጥበቅ ሞኝነት ነው። መቆለፊያ ቀለበቱም አዲስ ይሁን፣ የአክስሉ ዳዶም (ጫፉ ላይ ያለው ትልቁ ማሰሪያ) አዲስ ይሁን፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

ዳዶው ደግሞ በግምት አይጠበቅም። በነዚህ መኪኖች ላይ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ነው የሚጠበቀው፣ ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች አጣብቆ ክፍተታቸውን የሚወስነው እሱ ነው፣ ከላላ ቀለበቶቹ ይራራቃሉ ኩሽኔታው ይሞታል። ማንዋሉ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘህ በቶርክ ሬንች (የምታጠብቅበትን ጉልበት በሚለካ መፍቻ) ነው፣ በአየር መፍቻ ድድድድ አድርጎ "በቃ ጠብቋል" የሚባል ነገር የለም። ዳዶው ሳይጠበቅ ደግሞ መኪናውን ጎማ ላይ አውርደው እንዳይገፉት፣ ለመንገድ ማስወጫ ሁለት ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ያልታሰረ ኩሽኔታ ላይ የመኪና ክብደት ማሳረፍ አዲሱን እቃ ገና ከጅምሩ መጉዳት ነው።

የላክልኝ ፎቶ ላይ ሌላ ነገር አይቻለሁ፣ ቸርኬህ ኦሪጅናሉ አይደለም፣ ሰፋ ብሎ ከመከላከያው ወጣ ብሏል። ያምራል፣ ግን ጎማው ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ጉልበት ይጨምራል፣ ከላይ የነገርኩህ የኪዩብ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ስፔሰርም (ቸርኬውን ወደ ውጪ የሚያወጣ ማራራቂያ) ካስገባህበት ያው ነው። ቀጭን ግድግዳ ያለው ጎማ ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ ሳያበርድ ቀጥታ ለኩሽኔታው ነው የሚያቀብለው። በዚህ ቸርኬ ከቀጠልክ ኦሪጅናል ኩሽኔታም ቢሆን ፋብሪካ ያሰበለትን እድሜ አይኖርልህም፣ ርካሹን ደግሞ ጨርሶ እርሳው። እኔ ብሆን ለረጅም መንገድ የድሮውን ቸርኬ መልሼ እገጥም ነበር።

የዓባይ በረሃም የራሱ ነገር አለው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1 ሺ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ በከባድ ማርሽ ካልያዝከው ሙሉውን በፍሬን ነው የምትወርደው፣ የዲስኩ ሙቀት በሞዞው በኩል ቀጥታ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ጥሩ ግራሶ ይችለዋል፣ መናኛው ቀጥኖ በሲሉ በኩል ይወጣል። በዛ ሙቀት ደርሰህ ወዲያው ላቫጆ አስገብተህ በቀዝቃዛ ውሃ በፕሬሸር ጎማውን አታስመታ፣ ውስጡ ያለው የጋለ አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሸበሸብና ውሃውን በሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከዛ ዝገት ነው። ሻይህን ጠጥተህ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይታጠብ። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ከገባህም በኋላ በሚቀጥሉት ቀናት ጆሮህን ጣል አርግበት።

አሁን ማድረግ ያለብህ፣ የጎማ ማቀያየሩን ሙከራ ነገ ጎሚስታ ጋ አስደርገው፣ ድምጹ እዛው ግራ ፊት ላይ ከቀረ የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ የግራ ፊቱን አንድ ብቻ ኦሪጅናል አስፈልግ፣ ከሰውዬው ከኮዮ ካርቶን ራቅ። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ፍሬን ስትይዝ ፔዳሉ ወርዶ ሁለተኛ ስትረግጠው የሚመለስ ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልፏል ማለት ነው፣ እቃው እስኪደርስ መኪናው ግቢ ይቁም፣ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ከሆነብህ በአውቶቡስ ሂድ። እቃውን ስታገኝ ከመግጠምህ በፊት ብረቱ ላይ ያለውን ጽሁፍና ሁለቱንም ጎን በደንብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።